በድንጋይ የሚሠራው ኮምፒውተር፦ ታንዲ ሞዴል 100 በወሎ

የድሮ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር መሰብሰብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚመኘው ኦስቦርን 1ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ፣ 11 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ስክሪኑ 5 ኢንች ብቻ የሆነ ሻንጣ ነው። ለመደርደሪያ ያምራል፤ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ደሴ ወይም ወልድያ ተቀምጦ ሊጽፍበት ለሚፈልግ ሰው የሚበጀው ታንዲ ሞዴል 100 ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ፤ ሠሪው የጃፓኑ ኪዮሴራ ነው፣ ሻጩ የታንዲ የሱቅ ሰንሰለት የሆነው ሬዲዮ ሻክ። ክብደቱ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ከየትኛውም ሱቅ በሚገዛ 4 ደብል ኤ ድንጋይ 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። ቀይዋ መብራት ከበራች የቀረው 20 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ የሚጻፈውን ቶሎ መጨረስ ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ፎቶ አስልኩ፤ አንዱ የድንጋዩ ማስቀመጫ ተከፍቶ፣ ሌላው ስክሪኑ በርቶ። ዋናው ዝርዝር ላይ 29,638 ባይት ነፃ የሚል ከታየ 32 ኪሎባይት ሙሉ ሜሞሪ አለው፣ ምንም ፋይልም የለበትም። 8 ኪሎባይቱን በርካሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ማሽኑን የሚገድለው እርጅና ሳይሆን ቦርዱ ላይ የተበየደች ትንሽ ባለ 3.6 ቮልት የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ናት። ድንጋይ ሲወጣ ሜሞሪውን የምትጠብቀው እሷ ናት። ስታረጅ ታፈሳለች፣ ፈሳሹም የቦርዱን የመዳብ መስመር ይበላል። ስለዚህ የሚሠራ ቢመስልም ክፈቱት። ድንጋዩን አውጡ፣ ከታች ያለውን የሜሞሪ ማብሪያ አጥፉ፣ 4ቱን ብሎን በካቻቢቴ ፍቱ። ላይኛውና ታችኛው ክፍል በኬብል የተያያዙ ስለሆኑ በአንድ ጊዜ አትገንጥሉ። ባትሪዋን በካውያ አንሱና አረንጓዴውን ዝገት በጥርስ ብሩሽና በትንሽ አቼቶ ፈግፍጉ፤ የፈሰሰው አልካሊ ስለሆነ የሚያከሽፈው አሲድ ነው። ከዚያ በተጣራ ውኃ፣ በመጨረሻም በአልኮል አጥቡት። መስመሮቹን አንድ በአንድ በቴስተር ለኩ፣ የተቆረጠውን በቀጭን ሽቦ ቀጥሉ።

በቦታዋ 3 ሴል ያለው ባለ 3.6 ቮልት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይገባል። የሰዓት ሊቲየም ባትሪ እንዲሁ አትበይዱ፤ ሰርኪዩቱ ቻርጅ ሊያደርጋት ስለሚሞክር አደገኛ ነው። መልሳችሁ ስትገጥሙ ስክሪኑ የተመሰቃቀለ ነገር ካሳየ ኮንትሮልና ብሬክ ተጭናችሁ ከኋላ ያለውን ሪሴት ንኩት። ይህ ግን ያለውን ፋይል ሁሉ ያጠፋል።

አዳፕተሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአሜሪካ አብሮት የሚመጣው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። የሚያስፈልገው 6 ቮልት፣ ቢያንስ 400 ሚሊአምፔር፣ የመሰኪያው ጫፍ መሀሉ ኔጋቲቭ የሆነ ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው መሀሉ ፖዘቲቭ ስለሆነ ሽቦውን ቆርጣችሁ አገላብጡ፣ ከመሰካታችሁ በፊትም በቴስተር አረጋግጡ።

ስክሪኑ 40 ፊደል በ8 መስመር ነው፣ የራሱ ብርሃን የለውም። የጦሳ ብርድ ባለበት የደሴ ጠዋት ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ፣ ይልቁንም ባቲ ላይ፣ ይጠቁራል። ብልሽት አይደለም፤ በጎን ያለችውን የማስተካከያ ጎማ ማዞር ይበቃል። ክረምት ላይ የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጡ፤ ያም ያፈሳል።

ጽሑፉን ወደ ዛሬ ኮምፒውተር ለማሻገር ከዩኤስቢ ወደ አርኤስ 232 (ማሽኑ ከኋላው ወዳለው የድሮ መገናኛ ሶኬት ዓይነት) የሚቀይር ገመድ ያስፈልጋል። ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች የሚሸጠው ባለ 5 ቮልት ቦርድ ይህን አይተካም፣ ሊቃጠልም ይችላል። ከ25 እግሩ ሶኬት ወደ 9 እግሩ 2ን ከ2፣ 3ን ከ3፣ 7ን ከ5 አገናኙ። 2ና 3ን እዚህ ማጠላለፍ አያስፈልግም፤ 9 እግሩ ራሱ በተገላቢጦሽ የተሠራ ነው። ማሽኑ ውስጥ ባለው የመገናኛ ፕሮግራም፣ በቴልኮም፣ ስታት በሚለው የማስተካከያ ትዕዛዝ 88N1E ብላችሁ ጻፉ፤ 9600 ፍጥነት፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ (ስህተት መፈተሻ ቢት)፣ 1 ስቶፕ ቢት (የማብቂያ ምልክት) ማለት ነው፣ የመጨረሻዋ ፊደል ደግሞ የፍሰት መቆጣጠሪያውን ታበራለች። በሌላኛው ኮምፒውተር ያለው ፕሮግራምም በዚሁ ይስተካከል። ከዚያ መስመሩን ለመክፈት ተርም፣ ፋይሉን ለመላክ አፕ የሚሉትን ተጫኑና የፋይሉን ስም ጻፉ።

አማርኛውስ? ፊደሎቹ ሮም ላይ፣ ማለትም በማይለወጠው ሜሞሪ ላይ፣ የታተሙ ስለሆኑ ግዕዝ አይጨመርም። በላቲን ፊደል ጽፎ ካሻገሩ በኋላ መለወጥ ነው። ማሽኑ ውስጥ ባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በቤዚክ፣ ግን ነጥብ በነጥብ መሣል ይቻላል፦ ስክሪኑ 240 በ64 ነጥብ ነው፣ አንድ ፊደል 8 በ8 ከሆነ 30 ፊደል በ8 መስመር ይገባል። 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ፊደል፣ እያንዳንዱ 8 ባይት፣ በጠቅላላ 1,848 ባይት። በቤዚክ የዳታ መስመር በአኃዝ ከጻፋችሁት ሦስት አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ሜሞሪው ግን ይችለዋል። ሥዕሉ ዝግተኛ ስለሆነ ለርዕስ ወይም ለስም ያገለግላል፤ ደብዳቤ ለመጻፍ አይሆንም።