ሉል ላይ ሱፐርሲሜትሪ፦ ጅማ ሆኜ የገባሁበት መንገድ

ሱፐርሲሜትሪ ሁለቱን የቅንጣት ዓይነቶች፣ ቦዞንንና ፌርሚዮንን፣ የሚያገናኝ ሲሜትሪ ነው፤ ጌጅ ቲዎሪ ደግሞ እንደ ኤሌክትሮማግኔቲዝም ያሉ ኃይሎችን የሚገልጽ ቲዎሪ ነው። ጎባጣ ስፔስ ላይ ያሉ ሱፐርሲሜትሪክ ጌጅ ቲዎሪዎችን ላጥና ሲሉ ብዙዎች በፊዚሲስቱ ፔስቱን የ2007 ጽሑፍ ይጀምራሉ። እኔ አልነካሁትም። ረጅም ነው፤ ሉሉም ባለ አራት ዳይሜንሽን ነው። ይልቅ ካፑስቲን፣ ዊሌትና ያኮቭ በ2009 ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ሉል ላይ የሠሩትን ያዝኩ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር ያለ አይመስለኝም።

አስቸጋሪው ስፒነሩ ነው፤ እንደ ቬክተር ያለ ነገር ነው፣ ግን ሙሉ ዙር ሲዞር ምልክቱ ይቀየራል። ዝርግ ስፔስ ላይ ሱፐርሲሜትሪው የትም የማይለወጥ ቋሚ ስፒነር አለው። ሉል ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ኩርባው አይፈቅድም። ስለዚህ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ይሁን ማለት ይቀርና፣ ስፒነሩ ራሱ በጋማ ማትሪክስ ተባዝቶ ለሉሉ ራዲየስ ከተካፈለው ጋር ተመጣጣኝ ይሁን ይባላል። ኪሊንግ ስፒነር የሚባለው ይሄ ነው። ቁጭ ብዬ በእጄ አወጣሁት። ጅማ ክረምት ላይ መብራት ሄድ መጣ ይላል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ደግሞ ቻርጅ አይፈልጉም።

ከዚያ ሎካላይዜሽን መጣ፤ የቲዎሪውን ፓርቲሽን ፈንክሽን፣ ማለትም በፊልዶቹ ሁኔታዎች ሁሉ ላይ የሚደረገውን ኢንተግራል፣ ወደ ቀላል ኢንተግራል የሚያወርድ ዘዴ ነው። ቦዞንና ፌርሚዮን አብዛኛው ነገራቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ያ ማለቂያ የሌለው ኢንተግራል ሲግማ በምትባል ተራ ቁጥር ላይ ብቻ ይቀራል። ትንሿን ቲዎሪ መረጥኩ፦ ጌጅ ግሩፗ ዩ-ዋን (የኤሌክትሮማግኔቲዝሙ ሲሜትሪ)፣ ማተሯ አንድ ሃይፐርመልቲፕሌት (ቦዞኖችና ፌርሚዮኖች በሱፐርሲሜትሪ የተጣመሩበት ስብስብ)። ኢንተግራል የሚደረገው አንድ ሲካፈል ለሁለት ጊዜ የፓይ-ሲግማ ሃይፐርቦሊክ ኮሳይን ነው። መልሱ ግማሽ። ምንም ጌጅ ፊልድ የሌለው፣ ማስ አልባ ነጻ ሃይፐርመልቲፕሌትስ? እሱም ግማሽ! የፋዬ–ኢሊዮፑሎስ ፓራሜትር (ጌጅ ቲዎሪዋ ላይ የሚጨመር ቁጥር፤ በነጻው በኩል ማስ ይሆናል) ሲጨመርም ይሠራል፤ ይህ ፈንክሽን የራሱ ፉሪየር ትራንስፎርም ነዋ። ኢንትሪሊጌተርና ሳይበርግ በ1996 ያቀረቡት ሚረር ሲሜትሪ፣ የተለያዩ የሚመስሉ ሁለት ቲዎሪዎች በጥልቁ አንድ ናቸው የሚለው፣ አንድ መስመር ላይ ቁጭ አለ። ለዚህ ካልኩሌተር ይበቃል።

ፌስቱቺያና ሳይበርግ በ2011 ያወጡትን አጠቃላይ ዘዴ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው። ሱፐርግራቪቲ (ሱፐርሲሜትሪና ግራቪቲ የተጣመሩበት ቲዎሪ) ወስደው፣ ግራቪቲው ጸጥ እንዲል የፕላንክ ማስን ወደ ኢንፊኒቲ ይልካሉ፤ ሜትሪኩና አጋዥ ፊልዶቹ እንደ ቋሚ ዳራ ይቀራሉ። በዚህ ጀምሩ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ኪሊንግ ስፒነር በእጁ ያላወጣ ሰው እንደ ድግምት ነው የሚያየው።

አሁን የፔስቱን ተራ ነው። ባለ አራት ዳይሜንሽኑ ሉል ዋልታዎች ላይ ኢንስታንተን (አንድ ቦታ ላይ የተከማቸ የጌጅ ፊልድ መፍትሔ) ስላለ ሒሳቡ ይከብዳል። ኤን-ፎር ላይ (በባለ አራት ዳይሜንሽን ከፍተኛው ሱፐርሲሜትሪ ያለው ጌጅ ቲዎሪ) ግን የኢንስታንተኑ ድርሻ ይወድቅና የጋውስ ኢንተግራል ብቻ ይቀራል። የጀመርኩት ከእሱ ነው።