ባትሪውን ማን ይመጠምጠዋል?
በአንድ ወር ሦስት ጊዜ። መኪናዋ ሦስት አራት ቀን ቆማ ስትሰነብት ቁልፍ አዞራለሁ፣ «ጥቅ»፣ ከዚያ ጸጥ። ያማከርኩት ሁሉ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው» አለኝ። ባትሪው ግን ገና ዓመቱ ነው! ዲናሞውም ደህና ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ቮልት ይሰጣል።

ዛሬ ተነሳሁበት። ሁሉንም አጠፋፍቼ የባትሪውን ኔጌቲቭ ኬብል ፈታሁ። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 10 አምፒር ላይ አድርጌ በኬብሉና በባትሪው መሃል አስገባሁት። (እንዲህ እንዳለ ሞተር እንዳታስነሱ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።) የመኪናዋ ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። ከባትሪው የሚወጣው ከ0.05 አምፒር በታች መውረድ ነበረበት። 0.42 ላይ ድርቅ አለ!

ፊውዝ አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የሬዲዮው፣ ምንም። የመስኮቱ፣ ምንም። ሰባተኛው ላይ ቁጥሩ ዘጭ ብሎ 0.03 ገባ። የውስጥ መብራቶች ፊውዝ። ግን መብራቱ ጠፍቷል እኮ!

ፊውዙን መልሼ ስልኬን ቪዲዮ እየቀረጸ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ዘጋሁበት። አውጥቼ ሳየው ውስጡ ቀን መስሏል። ክዳኑ ሲዘጋ መብራቱን የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ ተጣብቆ ቀርቷል። ባለ 5 ዋት ሚጢጢ አምፖል! በየቀኑ 10 አምፒር ሰዓት ገደማ፣ ማለትም የባለ 60 አምፒር ሰዓቱን ባትሪ አንድ ስድስተኛ፣ ትርፍ ጎማዬን ሲያበራ ከርሟል።

አምፖሉን ነቅዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ማብሪያ ማጥፊያው እስኪቀየር ዕቃችንን በስልክ መብራት እንፈልጋለን።