ድንክ ኤንጅል ዓሦችን በደብረ ብርሃን ማጣመር

ድንክ ኤንጅል ዓሦችን ጥንድ አድርጎ በቤቱ ማኖር የሚፈልግ ሰው ወንድና ሴት ለይቶ ለመግዛት መድከም አይኖርበትም። ሴንትሮፒጅ በሚባለው ወገን የሚመደቡት እነዚህ ትንንሽ የባሕር ዓሦች መጀመሪያ የሚጎለምሱት ሁሉም በሴትነት ነው፤ አብረው ከሚኖሩት መካከል በአካል የገዘፈውና ሌሎቹን የሚያስገብረው ከጊዜ በኋላ ወደ ወንድነት ይለወጣል። በተፈጥሮ መኖሪያቸው በኮራል ዐለቶች መካከል አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ ክልሉን እየጠበቀ ይኖራል፤ እሱ ቢሞት ወይም ቢበላ ከሴቶቹ ትልቋ በሳምንታት ውስጥ ወንድ ሆና ቦታውን ትይዛለች። ስለዚህ ጥንዱን የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ የሚሠራውም ሁለት ወጣት ዓሦችን በመጠን አበላልጦ በመምረጥና ተራ በተራ በማስገባት ነው።

ይህ በየትኛውም አገር ያለ ሁሉ የሚከተለው መንገድ ነው። እዚህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እሱም አየር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከመቶ 71 እጅ ያህሉ ብቻ ነው። ውኃ ከአየር የሚቀበለው ኦክስጅን ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው የባሕር ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ ያው ውኃ በእኛ ከተማ ውስጥ ቢጠግብ እንኳ ከ4.8 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። በመጻሕፍት ላይ «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የሚነበበው ልክ በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ስለሆነ እኛ ዘንድ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ለአንድ ጥንድ 200 ሊትር ይበቃል በሚባልበት ቦታ እኔ ከ250 ሊትር በታች አልመክርም፤ በዚያ ላይም ሌላ ዓሣ ማብዛት አያስፈልግም።

ይህን አስቀድሜ የማነሣው ማጣመር በባሕርይው ጠብ ያለበት ሥራ ስለሆነ ነው። ሁለቱ ዓሦች ማን የበላይ እንደሚሆን እስኪለይ ድረስ ይሳደዳሉ፤ የሚሳደድ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይፈጃል፤ ኦክስጅን ያነሰው ዓሣ ደግሞ የሚሸሽበት አቅም ያጣል። በባሕር ጠረፍ ባለ ከተማ በቀላሉ የሚያልፍ ጠብ እዚህ የትንሿን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለሆነም የውኃው ገጽ ሌት ተቀን እንዲናወጥ የፓምፑን አፍ ወደ ላይ ማዞር፣ ፕሮቲን ስኪመር የሚባለውን የውኃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ ያለማቋረጥ ማሠራት፣ ሙቀቱንም ከ24 እስከ 25 ዲግሪ መካከል ማቆየት የግድ ነው፤ ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳልና። መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚነሣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከዓሣው በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ነው።

ሙቀትን በሚመለከት የደጋው ብርድ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች በክፍሉና በገንዳው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ15 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ትልቅ ማሞቂያ ከመስቀል ይልቅ እያንዳንዳቸው የሥራውን ግማሽ የሚሸከሙ ሁለት ማሞቂያዎች ማስገባት ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ውኃውን በአንድ ጊዜ ከመቀዝቀዝ ያድነዋል፣ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀርም ብቻውን ውኃውን ለማፍላት አቅም አይኖረውም። ክዳን የሌለው ገንዳ በደረቁ ወራት ቶሎ ይተናል፤ የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው ስላልሆነ የጎደለው የሚሞላው በተጣራ ጨው አልባ ውኃ ነው።

ስለ ቤታችን አየርም አንድ ነገር ልጨምር። ቡና በሚፈላበት፣ እጣን በሚጨስበትና ከሰል በሚነድበት ክፍል ውስጥ የአየር ፓምፕ ማስቀመጥ ጢሱንና የከሰሉን ጋዝ እየመጠጠ ወደ ገንዳው እንዲያስገባ መፍቀድ ነው። በተዘጋ ክፍል የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውኃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ ውኃው አሲዳማ ይሆናል) ያወርዳል፣ የጢሱ ቅባትም በውኃው ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ አየር እንዳይገባ ያግዳል። የፓምፑን የመሳቢያ ቱቦ በመስኮት ወደ ውጭ ማውጣት ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ የቡናው ሥርዓትም በቦታው ይቀጥላል።

ጨውን በተመለከተ የወንድሜ ልጅ «ጋሼ፣ የአፍዴራን ጨው በጥብጠህ ብታስገባበት ምን ይለዋል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። የገበታ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባሕር ውኃ በአንድ ኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲይዝ በውስጡ ማግኒዥየም 1,300 ሚሊግራም ያህል፣ ካልሲየምና ፖታሲየምም እያንዳንዳቸው 400 ሚሊግራም ያህል አሉ፤ ፒኤችን የሚያረጋው ባይካርቦኔትም ከእነዚህ ጋር ነው። እነዚህን አመጣጥኖ የያዘው ለአኳሪየም ተብሎ የሚቀመም ጨው ውድ ቢሆንም ምትክ የለውም። የሚበጠበጠውም በቧንቧ ውኃ ሳይሆን በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በግፊት በረቂቅ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ) በተጣራ ውኃ ነው፤ መጠኑ የሚለካው ሪፍራክቶሜትር በሚባል የጨዋማነት መለኪያ ሲሆን የውኃው ክብደት ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲነጻጸር በ25 ዲግሪ 1.026 አካባቢ መርጋት አለበት።

ከዝርያዎቹ መካከል ለማጣመር እኔ የምመርጠው አካንቶፕስ የተባለውን የአፍሪካ ዝርያ ነው። ከሶማሊያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይኖራል፤ ሲያድግ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ፊቱ፣ ደረቱና ጀርባው እንደ ፍም ብርቱካናማ፣ ቀሪው አካሉ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጅራቱ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ዓይኑን የከበበው ሰማያዊ ቀለበት ከቅርብ ሲታይ ዓይን አይጠገብም። ለንግድ ከሚሰበሰብባቸው ቦታዎች አንዱ የኬንያ ባሕር ዳርቻ በመሆኑ ጉዞው አጭር ነው። ፍሌም ኤንጅል የሚባለው ቀዩ ሎሪኩላ በውበት የሚወዳደረው የለም፤ ነገር ግን ከሰላማዊ ውቅያኖስ የሚመጣ ነው፤ በጠባይም ከአካንቶፕስ ይልቅ ቁጡ ነው። መልቲስፒኒስ የሚባለው ቡናማው ዝርያ በቀይ ባሕር ውስጥ ስለሚኖር ለእኛ አገር በርቀት የቅርቡ ነው፤ ሆኖም እስከ 14 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ስለሆነ ለጥንድ የሚያስፈልገው ገንዳ ይሰፋል። ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ በሚመጡ ዓሦች ላይ ሳያናይድ ረጭቶ የማጥመድ ልማድ ለረጅም ዘመን ስለቆየ ሻጩ ዓሣው በምን እንደተያዘ ሊጠየቅ ይገባል። በሳያናይድ የተያዘ ዓሣ ሲመጣ ጤነኛ ቢመስልም ከሳምንታት በኋላ ያለ ግልጽ ምክንያት ሊሞት ይችላል።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ለዓሣው ከባድ አይደለም፤ ላስቲኩ በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ የታሰረ ከሆነ የከፍታው ጉዳይ በመንገድ ላይ አያሰጋም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ላስቲኩ ሲፈታ ነው። ዓሣው በጉዞ ላይ ሳለ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የላስቲኩን ውኃ ፒኤች ስለሚያወርደው የተጠራቀመው አሞኒያ ጉዳቱ በቀለለ መልኩ ይቆያል፤ ላስቲኩ ተፈትቶ ጋዙ ሲወጣ ግን ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም ወደ መርዛማው መልኩ ይመለሳል። ስለዚህ ዓሣውን ለማለማመድ ተብሎ ላስቲኩን ፈትቶ ለሰዓታት የገንዳ ውኃ ማንጠባጠብ ጉዳት አለው። ላስቲኩን እንደታሰረ በገንዳው ላይ አንሳፍፎ ሙቀቱን ማስተካከል፣ አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚቆይበትን የማግለያ ገንዳ ጨዋማነትም ቀድሞ ከላስቲኩ ውኃ ጋር ማመሳሰል፣ ከዚያ ፈትቶ ዓሣውን ሳይዘገዩ ማሻገር ይሻላል። ዓሣው በሚሻገርበት ጊዜ መረብ አይነካውም። በጉንጩ ክዳን ሥር ወደ ኋላ የተቀሰረ እሾህ አለው፤ በመረቡ ክር ከተያዘ ሲወራጭ ራሱን ያቆስላል፣ ላላቅቀው ሲባልም ቁስሉ ይብሳል። የፕላስቲክ ጣሳ ውኃ ውስጥ አስገብቶ በእርጋታ እየነዱ ከነውኃው መቅዳት ይበቃል።

እያንዳንዱ ዓሣ ለብቻው ስድስት ሳምንት ያህል በማግለያ ገንዳ ይቆያል። በባሕር ዓሣ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ክሪፕቶካርዮን የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚገባው በአዲስ ዓሣ ስለሆነ ይህን ጊዜ ማሳጠር አይገባም። በመዳብ የሚሰጠው ሕክምና ለድንክ ኤንጅሎች ስለሚከብዳቸው መጠኑ በመለኪያ እየታየ ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ አይጨመርም። በነዚህ ሳምንታት ዓሣው መብላት ይለምዳል። ዋና ምግቡ አልጌ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዐለት ለዐለት እየዞረ ሲለቅም ይውላል። ደረቅ ኖሪ (የሚበላ የባሕር አልጌ) በድንጋይ ላይ አስሮ ማስቀመጥና ስፒሩሊና ያለበት ምግብ መስጠት ይስማማዋል፤ የቢሾፍቱውን አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን የሰጠው ይኸው የስፒሩሊና ወገን ነው። በቀን አንድ ጊዜ የቀዘቀዘ ማይሲስ ሽሪምፕ (ሽሪምፕ መሳይ ትንሽ የውኃ እንስሳ) ቢጨመርለት ለእንቁላል የሚሆን ጉልበት ያገኛል።

አሁን ወደ ማጣመሩ ልግባ። የሚመረጡት ሁለት ዓሦች ሁለቱም ወጣት መሆን አለባቸው፤ በመካከላቸው ያለው የመጠን ልዩነት ደግሞ ዓይን የማይስተው ይሁን፤ ለምሳሌ አንዱ 6 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሌላዋ 4። እኩያሞች ሲሆኑ ማን የበላይ እንደሆነ በማየት ብቻ ስለማይለዩ በመደባደብ ሊለዩ ይሞክራሉ። ሁለት ትልልቅ ዓሦች ከሆኑ ደግሞ ሁለቱም ወንድ ሆነው የመገኘት ዕድል አለ። በአንዳንድ የሴንትሮፒጅ ዝርያዎች የተሸነፈ ወንድ ወደ ሴትነት ሲመለስ ታይቷል፤ በጠባብ ገንዳ ውስጥ ግን ተሸናፊው እስከዚያ መቆየቱ አጠራጣሪ ነው።

ወደ ዋናው ገንዳ ቀድማ የምትገባው ትንሿ ናት። ዐለቶቹን ታጠናለች፣ የምትገባባቸውን ቀዳዳዎች ትለያለች፣ የቤቱ ባለቤት ትሆናለች። ዐለቶቹ ሲደረደሩ ለትንሿ የሚበቁ፣ ለትልቁ ግን የሚጠቡ፣ መግቢያና መውጫቸው የተለያየ ስንጥቆች እንዲኖሩ ማሰብ ያስፈልጋል፤ መውጫ የሌለው ዋሻ ማምለጫ መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትልቁ ይገባል፤ የሚገባውም በተበሳሳ ጥርት ያለ ፕላስቲክ በተከለለ የገንዳው ጥግ ነው። ሁለቱ እየተያዩ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። መጀመሪያ ላይ ክንፋቸውን ቀስረው በጎን ይሰላለፋሉ። ትንሿ ከክለሉ አጠገብ እየበላች፣ ትልቁም ሳይደነፋ አብሮ መብላት ሲጀምር ክለሉ ይነሣል፤ የሚነሣውም መብራት ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ነው።

በቀጣዮቹ ቀናት መሳደድ መኖሩ አያስደነግጥም። መታየት ያለበት ሽንፈቱ እንዴት እንደሚፈጸም ነው። ትንሿ ስትባረር ጥቂት ሸሽታ፣ ሰውነቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ቆማ፣ ትልቁም ትቷት ከሄደ ተግባብተዋል። ትንሿ በገንዳው የላይኛው ጥግ ከውኃው ገጽ ሥር ተለጥፋ ከቆመች፣ ክንፏ ከተሸራረፈ፣ ምግብ ሲጣል ካልወጣች፣ የጉንጯ ክዳንም በፍጥነት የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ክለሉ ይመለሳል። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የአተነፋፈስ ፍጥነቱ ስለሆነ በእኛ ከፍታ ላይ እኔ አብዝቼ የምመለከተው እሱን ነው። መለያየቱ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና መሞከር ይቻላል፣ ወይም ትንሿን በሌላ መተካት።

ሲስማሙ ትልቁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወንድ ይሆናል፤ የጀርባውና የሆዱ ክንፎች ጫፍ እየሾለ ይሄዳል። ከዚያ የምሽቱ ሰዓት ይመጣል። ድንክ ኤንጅሎች እንቁላል የሚጥሉት ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ መብራቱ በአንድ ጊዜ ድርግም ከማለት ይልቅ ቀስ እያለ መደብዘዝ አለበት። እኔ የገንዳውን መብራት ከደብረ ብርሃን ፀሐይ ጋር አስማምቼ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ 1 ሰዓት እንዲደበዝዝ አድርጌዋለሁ፤ ያ ሰዓት ሲደርስ ወንዱ ከሴቷ ፊት ክንፉን ሁሉ ዘርግቶ ይንሳፈፋል፣ ወደ ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ይጠብቃታል፣ ካልተከተለችው ተመልሶ ይጠራታል። ስትከተለው አፉን ወደ ሆዷ አስጠግቶ አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እንቁላሉና ዘሩ በቅጽበት ይለቀቃል፣ ሁለቱም ተወርውረው ወደ ዐለቱ ይመለሳሉ። ለመነሣታቸው የውኃ ቁመት ስለሚያስፈልግ ገንዳው ከ50 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ቢኖረው ጥሩ ነው።

እንቁላሉ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ጥርት ያለና የሚንሳፈፍ ሲሆን በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አፋቸው ገና አልተከፈተም፤ ሲከፈትም ለዓሣ ጫጩት ከሚሰጠው ከአርቴሚያ (የጨው ውኃ ሽሪምፕ) ጫጩት እጅግ ያነሱ የኮፔፖድ (በዓይን የማይለይ ያህል ጥቃቅን የውኃ እንስሳ) እጮችን እንጂ ሌላ ሊውጡ አይችሉም። እነዚህን ዓሦች ከእንቁላል ጀምሮ ማሳደግ በሃዋይ የተሳካው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሆን ቁልፉም የእነዚህ እጮች መገኘት ነበር። በቤት ውስጥ ይህን ለማድረግ የሚያስብ ሰው ከዓሦቹ በፊት የኮፔፖዱን ምግብ የሚሆነውን ጥቃቅን አልጌ፣ ቀጥሎም ኮፔፖዱን ማርባት መጀመር ይኖርበታል። ማሳደግ የማይፈልግ ሰው ደግሞ እንቁላሉን በስኪመሩ እንዲወሰድ ቢተወው ጥንዱ ምንም አይጎድልበትም፤ በደህና ከበሉና ውኃው ከረጋ በማግሥቱም ምሽት ይነሣሉ።

ሁለተኛ ሴት ለመጨመር የሚፈልግ ካለ፣ ከመጀመሪያዋ ሴት ያነሰች ወጣት መርጦ በዚያው ክለል በኩል ያስገባት፤ ገንዳውም ከ400 ሊትር የሚበልጥ ይሁን።