በሂማላያ ተራራ ላይ ቅዱስ ገብርኤል ያደረገልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የተደረገልኝን በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ተስያለሁና እነሆ እጽፋለሁ።

የምማረው ህንድ፣ ፑንጃብ ውስጥ ነው። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አንድ ህንዳዊ የክፍል ጓደኛዬ የአባቱን መኪና ይዞ ከማናሊ ወደ ሌህ እንሂድ አለን። እኔና እህቴ የምላት አንዲት የሀገሬ ልጅ አብረነው ተነሳን። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዓመት ውስጥ ለወራት በበረዶ ተዘግቶ ይቆያል። ድሮ ከማናሊ ሲወጡ 3,978 ሜትር ከፍታ ያለውን ሮህታንግ የሚባል በር (የተራራ መተላለፊያ) መሻገር ግድ ነበር። አሁን እ.ኤ.አ. በ2020 የተመረቀው 9 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአታል ዋሻ በሥሩ ያሳልፋል። ከዋሻው ማዶ ታንዲ የምትባል ቦታ ነዳጅ ማደያ አለ፤ ቀጣዩ ማደያ 365 ኪሎ ሜትር ይርቃል የሚል ሰሌዳ ቆሞበታል። እዚያ ሞልተን አለፍን።

ጂስፓ የምትባል መንደር ልናድር ነበር ያሰብነው፤ ማደሪያው ሁሉ ሞልቶ ስለነበር ሳርቹ ድረስ ገፋን። ሳርቹ ሜዳ ነው፤ ሰው በድንኳን ያድርበታል። ሜዳ ይባል እንጂ ከፍታው 4,290 ሜትር ነው። ማናሊ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ። ሰውነት ያን ያህል ከፍታ በአንድ ቀን አይለምደውም። እኔና እህቴ የደጋ ልጆች ስለሆንን ይሁን አላውቅም፣ ራስ ምታት ብቻ ነው የያዘን። ጓደኛችን ግን እራት ላይ አስመለሰው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሲያስል ነቃን። ተኝቶም ትንፋሽ ያጥረዋል። ሽንት ቤት ልወስደው ደግፌ ባስነሳው እንደ ሰከረ ሰው እግሩ ተጠላለፈ፤ የት እንዳለንም ጠፋበት።

የድንኳኖቹ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ባትሪ ይዘው መጡና ፊቱን አይተው «ውረዱ፣ አሁኑኑ ውረዱ» አሉን። አንዲት የኦክስጅን ጣሳ ሰጡን። ስልክ እንዳንደውል ኔትወርክ የለም።

የሳርቹ ክፉነቱ ይኸውላችሁ፤ ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት አለባችሁ። ወደ ሌህ ብትሄዱ ከ5,000 ሜትር በላይ የሆኑ በሮች ይጠብቋችኋል፤ ወደ ኋላ ብትመለሱ ባራላቻ አለ፣ 4,890 ሜትር ገደማ፣ ከእኛው ራስ ደጀን የሚበልጥ። ሐኪም ያለው ከባራላቻ ወዲያ ማዶ ኬይሎንግ ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል። መንጃ ፈቃድ ያለኝ ሌላው ሰው እኔ ነኝ። ልጁን ከኋላ አስተኝተን እህቴ ጭንቅላቱን በጭኗ ይዛ፣ ጣሳውን አፍንጫው ላይ አድርጋ፣ በሌሊት ተነሳን። ለሐምሌ 19 አጥቢያ ነበር፤ የቅዱስ ገብርኤል ዕለት።

አባቴ ዕድሜውን በደሴ መስመር የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጣርማበርን ስንት ጊዜ በጉም አብሬው እንደወረድኩ! እንደዚያ ሌሊት ያለ ጉም ግን አላየሁም። ብሃራትፑር የሚባሉት ድንኳኖች አጠገብ ስንደርስ የመኪናው መብራት ነጭ ግድግዳ ላይ የበራ ያህል ሆነ። አስፋልቱ ተቦጫጭቆ አልቋል፤ የመንገዱ ዳር መከለያ የለውም። ህንድ መሪው በቀኝ ስለሆነ የግራ ጎማዬ ከገደሉ ምን ያህል እንደራቀ ማየት አልችልም። እህቴ ወርዳ በእግሯ እንዳትመራኝ ልጁን ማን ይይዛል? ቆምኩ። ከኋላ የጣሳው ፉጨት እየቀነሰ፣ የልጁ ደረት ሲንኮራኮር ይሰማኛል።

ግንባሬን መሪው ላይ ደፍቼ እንዲህ አልኩ፦ «የቁልቢው ገብርኤል፣ ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውሃ ያወጣህ፣ ዛሬ ዕለትህ ነው። ይህን ጉም ግለጥልኝ። ይህን ልጅ ለእናቱ አድርስልኝ። ካደረስክልኝ ጃንጥላህን ይዤ ደጅህ እመጣለሁ፤ ያደረግህልኝንም አልደብቅም።» እህቴ ከኋላ «አቡነ ዘበሰማያት» ትላለች።

ጉሙ አልተገለጠም። እንዲያውም ባሰ። ግን «አሜን» ብለን አፋችንን ሳንዘጋ ከድንኳኖቹ በኩል የከባድ መኪና ሞተር ተነሳ። ትልቅ የጭነት መኪና ከፊቴ ወደ መንገዱ ወጣና ወደ ባራላቻ አቀና። የኋላ መብራቱ የሚሠራው የግራው ብቻ ነበር። ከበስተኋላው በትልልቁ «ሆርን ፕሊስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሥሩ አንድ አሮጌ ጫማ ተንጠልጥሏል፣ ለዓይን ነው አሉ፣ እዚያም እንደኛው ቡዳ ይፈራል። ያን ቀይ መብራትና ያን ጫማ ነው ዓይኔን ሳልነቅል የተከተልኩት። እሱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እታጠፋለሁ፤ ሲቆም እቆማለሁ። ገደሉን አላየሁትም፤ ብዙ ጊዜ ሳስበው እንዳላየው የተጋረደልኝ ይመስለኛል።

ከበሩ ስንወርድ እንደ አባቴ ምክር፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ ነበር የሚለኝ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ብቻ ወረድኩ። እንደዚያ ባለ ቁልቁለት ፍሬን ላይ የተኛ ሰው ሸራው ይግልና ፔዳሉ ባዶ ይሆንበታል። የፊቱም ሾፌር እንደዚያው ነበር የሚነዳው፤ የፍሬን መብራቱ እምብዛም አይበራም።

ዚንግ ዚንግ ባር አካባቢ የበረዶ ውሃ መንገዱን አቋርጦ ይወርዳል። ቀን ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ከሰዓት በኋላ መኪና ይዞ የሚሄድ ጎርፍ ይሆናል፤ ሌሊት ላይኛው ስለሚረጋ ሊነጋ ሲል ይጎድላል። የእኛ ሰው መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ በባትሪ አየው፣ ወደ እኔ ዞሮ በእጁ ና አለኝ። ጎማዬን በጎማው ዱካ ላይ አድርጌ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሳልቆም ተሻገርኩ። ድንጋዮቹ ከሥር ሲንከባለሉ በመሪው በኩል እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር።

ዳርቻ የምትባል መንደር ስንደርስ ጉሙ ከላያችን ቀረ፤ ነግቷል። ሰውዬው ሻይ ሊጠጣ ቆመ። ሮጬ ሄጄ እጁን ያዝኩት። በምችለው ሂንዲ ለምን በዚያ ሌሊት እንደተነሳ ጠየቅኩት። ፀሐይ ሳትወጣ ልነሳ አላሰብኩም ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ዝም ብዬ ከምገላበጥ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ አለኝ። ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ። ልጁን በመስኮት አየውና እጁን ወደ መንገዱ ዘርግቶ ሂዱ፣ ሂዱ አለን።

አንዳንድ ጓደኞቼ አጋጣሚ ነው ይሉኛል። አልከራከራቸውም። እኔ ግን የት ቆሜ ምን ብዬ እንደጮህኩ፣ ያም ሞተር መቼ እንደተነሳ አውቃለሁ። ጉም እንዲገለጥ ለመንኩ፤ እግዚአብሔር በመልአኩ አማላጅነት መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሰጠኝ።

ኬይሎንግ ሆስፒታል ኦክስጅንና መርፌ ሰጡት። ሐኪሟ ሳንባው ውሃ መቋጠር ጀምሮ እንደነበር፣ እዚያው ሳርቹ ቢቆይ ኖሮ እንደማይተርፍ ነገረችን። ማታውን ስሜን ጠራ፤ በማግስቱ ሾርባ ጠጣ። እናቱ ከፑንጃብ ደርሰው ጉልበቴን ሊይዙ ሲጎነበሱ እኔ ቀድሜ ጎንበስ አልኩ፤ እሳቸውም እኔም አለቀስን።

ጓደኛዬ የእኛ እምነት ተከታይ አይደለም። በዚያ ሌሊት ምን ትል ነበር ብሎ ጠየቀኝና ስለ ቂርቆስና ስለ ኢየሉጣ፣ ስለ ቁልቢም ነገርኩት። ጃንጥላውን ገዝቻለሁ። ለታኅሣሥ ገብርኤል እግዚአብሔር ቢፈቅድ ቁልቢ ነኝ፤ እሱም ቪዛውን ጨርሶ አብሬህ እመጣለሁ ብሎኛል። ያን ሰሞን ቁልቢ የምትወጡ ካላችሁ በጸሎታችሁ አስቡን፤ ስሙን የማላውቀውን ያን ሾፌርም አስቡልኝ፣ ዛሬም በዚያው መንገድ ላይ ነው።