አያ ጅቦን ሐረር ድረስ ሄጄ አበላሁት

ያደግሁት ማታ ማታ ጅብ በስሙ የማይጠራበት ቤት ነው። አያቴ «እሱ» ነው የምትለው። ውሻ ሲያላዝን ከተሰማ ሰው ሊሞት ነው። ጉጉት ከጮኸች የባሰ ነው። ሴት ዶሮ እንደ አውራ ከጮኸች ደግሞ ያው ቢላዋ ነው፣ ትታረዳለች። እኔ ተምሬያለሁ ብዬ በዚህ ሁሉ እስቃለሁ። ቀን ቀን።

ወደ ሐረር የሄድኩት በአውቶቡስ ነው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተን። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዋሽ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ስነቃ ቁልቢ ደርሰናል። ስለ መንገዱ የማውቀው ይኼን ብቻ ነው፣ ጉልበቴ ግን ብዙ የሚያወራው አለው።

ጀጎል ውስጥ መጥፋት ደስ ይላል እስኪመሽ ድረስ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሳጠሩት ግንብ ነው፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ ውስጡ ግን ሁሉም ቅያስ አንድ ይመስላል። ከድሮዎቹ አምስት በሮች አንዱ «ቡዳ በር» ይባላል። ስሰማ ሳቄ መጣ። እኛ ጋ እኮ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል፣ በዚህ ወሬ ስንት አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ከሰው ተገልሎ ኖሯል። ይኼኛውን እምነት ስሰማ አልስቅም፣ ያናድደኛል።

መሸና መውጫው ጠፋኝ። ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ «ወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ። ጅብ ወደሚበላበት ወደ ፈላና በር አልኳቸው። የእሳቸው ቤት በተቃራኒው በኩል ነበር፣ ግን እየመሩ ይዘውኝ ሄዱ። ግንቡ ሥር ስንደርስ በከዘራቸው አንድ ቀዳዳ አሳዩኝ። ጎንበስ ካልኩ እኔም የምሾልክበት ነው።

«የጅብ መግቢያ ነው» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ከተማ ውስጥ ይገባል?»

«ይግባ እንጂ! ሌሊት ሲጮህ ብትሰማ አትፍራ። ጂን እየዋጠ ነው።»

አያቴ ይኼን ብትሰማ ምን እንደምትል አሰብኩ። እሷ በር የምትቀረቅርበትን ድምፅ እነሱ ቤት የሚያጸዳ አድርገው ነው የሚሰሙት። ከዚያ የአሹራውን ነገሩኝ። ድሮ በረሃብ ዘመን ጅቡ ሰው እየበላ ሲያስቸግር ወሊ የሚባሉት ቅዱሳን ሰዎች ሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው ገንፎ እንዲሰጠው ተስማሙ ይባላል። እስከ ዛሬም በአሹራ፣ በእስልምናው ሙሐረም ወር 10ኛ ቀን፣ ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብለታል። መሪያቸው ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ የጥጋብ ነው። ሙልጭ አድርጎ ከላሰው ወይ ጭራሽ ካልነካው ደግሞ ክፉ ዓመት ነው። እኔን የገረመኝ ልኩ ነው። በልቶ ማስተረፍ አለበት! በተረታችን የምናውቀው አያ ጅቦ መቼ አስተርፎ ያውቃል?

አሁን ወደሚያናድደው። ቀን ላይ ያገኘሁት አስጎብኚ ጅብ ለማብላት 300 ብር ብሎኝ ነበር። ማታ የሥጋ፣ የካሜራ፣ «የምሽት» እያለ 800 አደረሰው። የምሽት ማለት ምን ማለት ነው? ጅብ በቀን ይበላል እንዴ? ተከራከርኩ። ግን አምስት ጥንድ ዓይን ከጨለማው ውስጥ እያብለጨለጨ ሲያይህ እንዴት አድርገህ ትከራከራለህ፣ ከፈልኩ።

ጅብ አብሊው እያንዳንዳቸውን በስም ነው የሚጠራቸው። አጭር እንጨት ሰጠኝ፣ ጫፉ ላይ ቁራጭ ሥጋ ተንጠልጥሏል። ተንበርከክ አለኝ። አንዷ ከኋላ መጥታ የፊት እግሮቿን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገቻቸው። ከባድ ናት። ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ይሞቃል፣ እርጥብ ውሻና ደም ደም ይሸታል። ሥጋውን ስትወስድ ግን በጥርሷ ጫፍ ነው፣ ቀስ ብላ፣ እንጨቱ እንኳን አልተነቃነቀም። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እዚህ በሚያውቁት አገር እያለ ነው የተነጠፈለት።

ሌሊቱ መጥፎ ነበር። አልጋው መሐሉ ጎድጉዷል፣ መስኮቱ አይዘጋም። 9 ሰዓት ሲሆን አንድ ውሻ መስኮቴ ሥር ማላዘን ጀመረ። ረጅም፣ አንጀት የሚበላ። ሳላስበው «በራስህ ያድርገው፣ ሟርተኛ!» ብዬ ጮህኩ፣ ቁርጥ አያቴን። ወዲያው ከሩቅ ጅብ ጮኸ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ከፍ የሚለውን ጩኸቱን። ውሻው ጸጥ አለ። አንድ ጂን ተዋጠ ማለት ነው ብዬ ተኛሁ። የሚገርመው እውነትም ቀለለኝ።

ጠዋት ለአያቴ ደወልኩላት። ጅብ አበላሁ አልኳት። ዝም አለች።

«በየትኛው እጅህ?»

«በቀኜ።»

«በል ጸበል ሳትጠመቅ እቤቴ እንዳትገባ።»

በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሄጄ ተጠመቅኩ። ውኃው በረዶ ነው።