ምድጃ የማይነካው መክሰስ፦ ቴምር፣ በሶና ኮኮናት በደሴና በኮምቦልቻ

ቴምርና ኮኮናት ወቅጦ ማድበልበሉ አይከብድም። የሚያስቸግረው ደሴ ላይ ልክ የነበረው መጠን ኮምቦልቻ ሲወርድ መላላቱ፣ ባቲ ሲደርስ ደግሞ እጅ ላይ መለጠፉ ነው። ምክንያቱ ኮኮናቱ ነው። ተፈቅፍቆ የደረቀ ኮኮናት ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ቅባት ነው፤ ቅባቱም 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል። የደሴ ወጥ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ስለሆነ ድቡልቡሉ ጠንከር ብሎ ይቆማል፤ የቆላው ከሰዓት ግን ያቀልጠዋል። እስካሁን የረጋልን መጠን ከነማስተካከያው ይኸው።

ፍሬው የወጣለት ቴምር 250 ግራም፣ ተቆልቶ የተገለፈፈ ለውዝ 100፣ በሶ 60 (በሾርባ ማንኪያ ልሙጥ 7 ወይም 8)፣ ኮኮናት 50፣ የተቆላ ሰሊጥ 20፣ የተፈጨ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው አንድ ቁንጥጫ። እያንዳንዱ 20 ግራም ሆኖ 24 ያህል ይወጣዋል። መንከባለያ ኮኮናት ለብቻው ይያዝ። ጨዉን አትዝለሉት፤ ያለ እሱ ጣፋጭነቱ ብቻውን ጎልቶ ቶሎ ይሰለቻል።

በሶ የመረጥነው በምክንያት ነው። ጥሬ የስንዴ ዱቄት ሳይበስል አይበላም፤ ጀርም ሊኖረው ይችላል። የበሶ ገብስ ግን ተቆልቶ ነው የሚፈጨው። ጭብጦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ በውኃው ቦታ ቴምር ገባ እንጂ። ቅቤም ስለሌለበት ለጾም ይሆናል።

ቴምር ረመዳን ሲቃረብ በየሱቁ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ይደርቃል። አንድ በአንድ ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩት፣ ነቀዝ ወይም ጥቁር ዱቄት ያለበት ይጣል። ላዩ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ስኳር ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ይሟሟል፤ ጸጉር ያለውና የሚሸት ከሆነ ሻጋታ ነው። የደረቀውን ፍል ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉና በደንብ አጥልሉ፤ ውኃውን ግን አትድፉት። ለስላሳ ቴምር መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ለውዙም ይለቀም፦ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም የሚመር ፍሬ ሻጋታ የነካው ሊሆን ይችላል፤ መርዙን ደግሞ መቁላት አያጠፋውም።

ሙቀጫ ከሆነ መጀመሪያ ለውዙ ይወቀጥ። ግማሹ እንደ አሸዋ፣ ግማሹ ሸካራ ሲሆን አውጡት፤ ከዚያ ቴምሩን አስገቡ። ለውዙ የተወው ዘይት ቴምሩ ሙቀጫና ዘነዘና ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ነጭ ሽንኩርት የሚወቀጥበት ሙቀጫ ግን ይቅር፣ ሽታው ምንም ቢታጠብ አይለቅም። የጁስ መፍጫ አንመክርም፤ ቴምሩ ምላጩ ላይ ተጠቅልሎ ሞተሩን ያግለዋል። በእጅ የሚዞር የሥጋ መፍጫ ከሁሉም ይሻላል፤ ንጹሕና ደረቅ ይሁን ብቻ።

ቴምሩ አንድ ወጥ ሲሆን ለውዙን፣ ሰሊጡን፣ ኮረሪማውንና ጨዉን አሹበት። ኮኮናቱ ቀጥሎ ይግባ፣ በሶው መጨረሻ፣ ያውም በሦስት ጊዜ። እዚህ ላይ መቸኮል ነው የሚያበላሸው፦ በሶም ኮኮናትም እርጥበት የሚስቡት ቀስ ብለው ስለሆነ፣ ሊጡ የላላ ሲመስል በሶ የጨመረ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚሰነጣጠቅ ነገር ያገኛል። ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉና በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉት። የጣት ምልክት ይዞ ከቆመ ደርሷል። ከተፈረፈረ ከመዘፍዘፊያው ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ጨምራችሁ እንደገና እሹ፤ ከተጣበቀ አንድ የሾርባ ማንኪያ በሶ። ዘይት ካንጠባጠበ ለውዙ ከልክ በላይ ተወቅጧል፤ እሱን በሶ ሙሉ ለሙሉ አያስተካክለውም።

ለኮምቦልቻና ለባቲ ኮኮናቱን ወደ 30 ዝቅ፣ በሶውን ወደ 80 ከፍ አድርጉ፤ ማድበልበሉም በጠዋት ይሁን። ኮኮናቱን ማመስ የፈለገ በዝግታ እሳት 3 ደቂቃ ያህል እያማሰለ ያምሰውና ወዲያው ትሪ ላይ ይገልብጠው፤ መጥበሻው ላይ ከቆየ ከእሳት ቢወርድም ማረሩን አያቆምም። ገና ሲከፈት ሳሙና ሳሙና የሚል ኮኮናት ቅባቱ ተበላሽቷል።

ከቴምሩ 50 ግራም ቀንሶ በደረቀ ማንጎ መተካት ይቻላል፤ መጎምዘዙ ይጥማል። ማንጎው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጥ፣ ሎሚ ይነካ፣ በስስ ነጠላ ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ማታ ማታ ይግባ። ሐምሌና ነሐሴ አትሞክሩት። ቁራጩ ሲታጠፍ ሳይሰበርና ውኃ ሳያወጣ ከተለመጠ ደርቋል። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ሳምንት ያህል በየቀኑ እየተነቀነቀ ይቆይ፤ ጠርሙሱ ላብ ካወጣ ማንጎው ወደ ፀሐይ ይመለስ።

በተዘፈዘፈ ቴምር የተሠራው ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ሳይዘፈዘፍ የተሠራው ሁለት ሳምንት ይቆያል። ጤናማ ስለተባለ ስኳር የለውም ማለት አይደለም፦ ቴምር ከግማሽ በላይ ስኳር ስለሆነ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እንደ ማንኛውም ጣፋጭ ይቁጠረው። ለሕፃናት ለውዙ ሙሉ በሙሉ ይላም፤ ቴምሩን በማር የሚተካ ካለ ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይስጥ።