የ43 መምህራን ስም፦ በኮሮናው ዓመት የሙያ ፈቃድ ሰነድ ሳስተላልፍ የሠራሁት ስህተት

ይህን የምጽፈው በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመምህራን ሙያ ፈቃድ ሥራ ለተሰጠው ባለሙያ ነው። ትምህርት ቤት በድንገት ሲዘጋ፣ መጓጓዣ ሲጠፋ፣ ከላይ ደግሞ «በሦስት ቀን ውስጥ አጠናቅቃችሁ ላኩ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ምን ማድረግ እንደሌለበት ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው «የመምህራኑን ስም ከደመወዝ መክፈያ ላይ እንዳትገለብጥ» ቢለኝ ኖሮ 43 ሰዎች ከአራት ወር በላይ ባልተጉላሉ ነበር።

የምሠራው በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኝ ደጋ ወረዳ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የ186 መምህራን ጉዳይ በእጄ ነበር። ሁሉም ለሙያ ፈቃዱ የሚሰጠውን የጽሑፍ ምዘና ወስደዋል። ያኔ ከመቶው 80 የሚይዘው እሱ ነበር፤ የቀረው 20 በየትምህርት ቤቱ የሚሞላው ማህደረ ተግባር፣ ማለትም መምህሩ የሥራ ማስረጃውን የሚያኖርበት ማህደር ነበር። የእኔ ድርሻ የማህደረ ተግባሩን ውጤት መሰብሰብ፣ የትምህርት ማስረጃቸውን ማመሳከርና ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ፊደል ሞልቶ ለበላይ ቢሮ ማስተላለፍ ነበር።

የማህደረ ተግባሩን ውጤት መሰብሰቡ አላስቸገረኝም። ለሱፐርቫይዘሮቹ ደወልሁ፤ ርዕሰ መምህራኑ በየጉድኝት ማዕከሉ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች መገናኛ በሆነው ትምህርት ቤት) አስረከቡ፤ በገበያ ቀን እህል ጭኖ በሚመለስ መኪና ወደ ወረዳው ከተማ ደረሰልኝ። በሁለት ሳምንት አለቀ።

በመካከሉ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበርና እሱን ሳልናገር አላልፍም። መምህር በዓመት 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሥራ ይጠበቅበታል። ትምህርት ቤት በመጋቢት ተዘግቶ ሳለ አንዳንዱ ማህደር ውስጥ «ሚያዝያ 12 የክፍል ውስጥ ምልከታ ተደረገ» የሚል አገኘሁ። ተማሪ በሌለበት ክፍል ምን ታየ? በስልክ ብጠይቅ «ሰዓቱን አሟልታችሁ ላኩ ተብለናል» አሉኝ። እኔ ሰዓቱ እስከ መጋቢት 6 በተሠራው ልክ እንዲቆም፣ ከሥሩም «ትምህርት ቤቱ በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግቷል» ተብሎ እንዲጻፍ አደረግሁ። ከበላይ ቢሮ ተቆጡኝ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ፤ እናንተም አድርጉት። ያልተሠራ ሥራ ተሠራ ብሎ የጻፈ መምህር ልጆቹን ስለ እውነት ምን ብሎ ያስተምራቸዋል?

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ ልምጣ።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መኪና በግማሽ ብቻ እንዲጭን ተባለና ታሪፉ እጥፍ ሆነ። የበላይ ቢሮው ደብዳቤ የመጣው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። የሦስት ቀን ጊዜ ሰጥቶ የመምህራኑን ሙሉ ስም «በማስረጃቸው ላይ በተጻፈው መሠረት» በኤክሴል ሞልተን እንድንልክ ያዛል። ማስረጃው በየመምህሩ ቤት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። በመዝገብ ቤታችን ያለው ቅጂ ግማሹ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ፣ ግማሹም ከነጭራሹ የሌለ ነው። መምህራኑን እንዳልጠራ አዋጁ አለ፤ እንዳልሄድባቸው መኪና የለም።

ስለዚህ የደመወዝ መክፈያውን አወጣሁ። እሱ በአማርኛ ነው። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ 186 ስም ከነአባትና ከነአያቱ በራሴ አሰማም ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ገለበጥሁት። ለኃላፊዬ አሳየሁት፤ ፈረመ፤ ማኅተም ተደረገበት፤ ተላከ። በሦስተኛው ቀን በማድረሴ ተመሰገንሁ፤ ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የወሎን ስም የሚያውቅ ሰው ምን እንዳጠፋሁ ወዲያው ይገባዋል። ሰይድ የሚለውን አንዱ ኮሌጅ ኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ዲ ብሎ ይጽፈዋል፤ ሌላው መካከሉ ላይ ዋይ ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው ከኤስ ቀጥሎ ኤ ያደርጋል። መሐመድ በአንድ ኤምም በሁለት ኤምም ይጻፋል፤ ከመነሻው ኤም ቀጥሎ ኦ የሚያደርግ አለ፣ ዩ የሚያደርግ አለ። ሁሴን፣ አሕመድ፣ እንድሪስ፣ ይመር፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ሦስቱ ስሞች ሲደራረቡ የአንድ ሰው ስም ስንት መልክ ሊኖረው እንደሚችል አስቡት። እኔ ከዚያ ሁሉ አንዱን መርጬ ሞላሁ፤ የሰዎቹ ዲፕሎማ ግን ሌላውን ይላል።

ሰኔ 8 ቀን ዝርዝሩ ተመለሰ። 43 ስም ላይ «ከውጤቱ ጋር አይጣጣምም» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «ባለጉዳዮቹ የስም ማስተካከያ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያቅርቡ» ይላል።

ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ቀጥሎ የመጣው እፍረት ነው። እነዚህ ሰዎች ስማቸው አልተሳሳተም። ኮሌጅ ሲገቡም፣ ሲመረቁም፣ ለምዘናው ሲመዘገቡም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ነው የጻፉት። ያሳሳትሁት እኔ ነኝ። ፍርድ ቤት ሂዱ የተባሉት ግን እነሱ ናቸው፤ ያውም የወረዳው ፍርድ ቤት ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ችሎት ባቆመበት ወር።

ዞር ብዬ አርባ ሦስቱንም አንድ በአንድ ደወልሁላቸው። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ ዲፕሎማቸውን ይዘው በቀን ከአራት ሰው ሳይበልጡ እንዲመጡ ቀጠሮ ሰጠሁ። ቢሮ ማስገባት ስለተከለከለ በመስኮት በኩል አደረግነው።

ከሁሉም አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት አትረሳኝም። ከሃያ ዓመት በላይ ፊደል ያስቆጠረች ናት። ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሯ መጥታ በር ላይ በተሰቀለው ጀሪካን እጇን ታጠበች፤ ሰላም ልትለኝ እጇን ዘረጋችና መጨባበጥ መከልከሉ ትዝ ሲላት በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። ዲፕሎማው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ በሻሽ ታስሮ ነበር። ፈታ አውጥታ መስተዋቱ ላይ ለጠፈችልኝ። በስልኬ ሳነሣው የራሴ ፊት መስተዋቱ ላይ እያረፈ ልክ የአባቷን ስም ይሸፍነዋል። ወደ ግራ አልሁ፣ ወደ ቀኝ አልሁ፤ አራት ጊዜ አነሣሁት። በመጨረሻ እሷ ነጠላዋን በራሷና በመስተዋቱ ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋችውና ፊደሉ ጎልቶ ታየ። በአባቷ ስም መካከል ሁለት ዲ አለ። እኔ አንድ ነው ያደረግሁት።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋት።

«አብሽር፣ ይስተካከላል» አለችኝ። እኔን ማጽናናት የእሷ ድርሻ አልነበረም።

በአሥራ አንድ ቀን የሁሉም ፎቶ ተሟላ። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሠንጠረዥ እኮራበታለሁ። በአንድ መስመር ላይ አራት ነገር አስቀመጥሁ፦ በደመወዝ መክፈያው ያለው የአማርኛ ስም፣ በዲፕሎማው ላይ ያለው አጻጻፍ ፊደል በፊደል፣ እኔ በስህተት የላክሁት አጻጻፍና የርዕሰ መምህሩ ፊርማ። ከላይ «ስህተቱ የተፈጠረው በጽሕፈት ቤታችን ነው» የሚል ሸኚ ደብዳቤ አደረግሁበት። ኃላፊዬ ያንን ዓረፍተ ነገር አስወጣው አለኝ። አላስወጣም አልሁ። ሁለት ቀን ተከራክረን ፈረመ።

ሰኔ 23 ጠዋት ልልከው ኮምፒውተሩን ስከፍት ኢንተርኔት የለም። በዚያው ቀን በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ሠንጠረዡን አትሜ፣ በፍላሽም ይዤ ደሴ ወዳለው የበላይ ቢሮ ወረድሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የውሎ አበል የለም ተባልሁ፤ በራሴ ገንዘብ፣ በእጥፍ ታሪፍ ሄድሁ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ወረቀቱን ከሸሚዜ ሥር ይዤ ከመናኸሪያ በእግሬ ነው የደረስሁት።

የተቀበለኝ ሠራተኛ ሠንጠረዡን ሳይገልጥ «የፍርድ ቤት ውሳኔስ?» አለኝ። ስህተቱ የመምህራኑ አለመሆኑን አስረዳሁት። «መመሪያው እንደዚያ ነው» አለ። «መመሪያውን አሳየኝ፤ የትኛው አንቀጽ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ኃላፊው ሲመጣ» አለኝ። ኃላፊው በፈረቃ ስለሚሠራ የሚገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሳልወጣ አንዱን መስመር በጣቱ ነካና «ይኼ ደግሞ አባቱ መሐመድ፣ አያቱ ገብረ ማርያም ይላል፤ የሁለት ሰው ስም ነው የቀላቀላችሁት» አለኝ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ስም የማያስገርም መሆኑን፣ በአንድ ቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ እንደሚኖር ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ወሎ መሐል ተቀምጦ ይህን መጠየቁ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በሐምሌ ሁለተኛ ጊዜ ሄድሁ፤ ወረቀቱ የለም ተባለ። እንደገና አትሜ ሰጠሁ። በነሐሴ ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ወረቀት አንድ ሳጥን ውስጥ ተደራርበው አገኘኋቸው። በዚህ ጊዜ ቀሪ የሚሆነውን ቅጂ «ደርሶኛል» ብለው፣ ቀን ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው እንዲመልሱልኝ ጠየቅሁ። እስኪያደርጉልኝ ድረስ ከወንበሩ አልተነሣሁም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። ማኅተም ያረፈበት ቀሪ ሳይዛችሁ ከየትኛውም ቢሮ አትውጡ። ሠራተኛው ቢቆጣም ይቆጣ።

ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት ሲጀምሩ፣ በዚያው ሳምንት ስልክ ተደወለልኝ። ከ43ቱ የ41ዱ ስም በዲፕሎማቸው አጻጻፍ ተስተካክሏል። የፍርድ ቤት ወረቀት የጠየቀ አልነበረም። መጀመሪያውኑም አያስፈልግም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የምሠራው በሌላ መንገድ ነው። ደብዳቤው ሦስት ቀን ቢልም ማስረጃውን በዓይኔ ሳላይ አንድም ስም አልሞላም። ዘግይቶ የተላከ ዝርዝር ቢበዛ ተግሣጽ ያመጣል። ተሳስቶ የተላከን ለማስተካከል ግን እኔ ከአራት ወር በላይ ፈጅቶብኛል። ከሞላሁ በኋላ መምህሩ ራሱ የስሙን ፊደል አንድ በአንድ እየቆጠረ በስልክ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዋናውን ማስረጃ ሰብስባችሁ ላኩ የሚል ትእዛዝ ሲመጣም አልልክም። አይቼ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» ብዬ ፈርሜ እዚያው እመልሳለሁ። ፎቶውን ለመምህሩም በስልኩ እልክለታለሁ። ይህን በማድረጌ የተደሰትሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ወሎን አዳርሶ ወደ ቢሮአችን ስንመለስ የመዝገብ ቤቱ ወረቀት ወለሉ ላይ ተበትኖ፣ ዝናብ ገብቶበት አገኘነው። የእነዚያ 43 መምህራን ዲፕሎማ ፎቶ በስልኬ አለ። የቀሩትን 143 ግን «ስማቸው ትክክል ነው» ብዬ አላነሣኋቸውም ነበር። ማህደረ ተግባሮቹንም እንዲሁ። አንድ ሰው ለሁለት ዓመት የጻፈውን የሥራ ማስረጃ ከጭቃ ላይ ማንሣት ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከአርባ ሦስቱ የቀሩት ሁለቱ የእኔ ስህተት ብቻ አልነበሩም። አንዱ ኮሌጅ የገባው በቤት ስሙ፣ የተቀጠረው በመዝገብ ስሙ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ሄዶ አስተካከለ። ሁለተኛው ሊያስተካክል አመልክቶ ቀጠሮ እየጠበቀ ሳለ ጡረታ ወጣ። ባለፈው ፋሲካ ሐይቅ ከተማ አግኝቼው ወረቀቱ መጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።